በያቤሎ ዙሪያ ወፎችን ማየትና ፎቶግራፍ ማንሳት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቦረና የከብት እርባታ ምድር፣ በተለይም በያቤሎ ከተማ ዙሪያ፣ ስለሚገኙት ወፎችና ስለ ፎቶግራፍ አነሳሳቸው ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናል። የጠያቂዎቹን ስም ትተን፣ ደብዳቤዎቹን በመጠኑ አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ በሥራ ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ያቤሎ ልጓዝ ነው። ሌላ አገር የማይገኙ ወፎች እዚያ እንዳሉ ሰምቻለሁ። የትኞቹ ናቸው? የትና በየትኛው ወቅት ብፈልጋቸው ይሻለኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ያቤሎ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ወደ ምዕራብ ገባ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ባለው የግራር ሜዳ የሚኖረውና በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይታየው ወፍ የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ ይባላል። ገላው ፈዛዛ ግራጫ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር ነው፤ በዓይኑ ዙሪያ ላባ የሌለው ደማቅ ሰማያዊ ቆዳ ስላለው አንድ ጊዜ ያየው ሰው ከሌላ ወፍ ጋር አያምታታውም። ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን፣ ሳይንሳዊ ስሙ ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬዜማኒ ነው። ዛሬ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መካከል ተመዝግቧል።

ይህ ወፍ የሚኖረው ያቤሎን፣ ሜጋንና አሬሮን በሚያካልል ጠባብ ክልል ብቻ ነው። ክልሉን የሚያጥር ወንዝም ሆነ የተራራ ሰንሰለት የለም፤ ከወሰኑ ባሻገርም ያው ግራር፣ ያው ቀይ አፈር፣ ያው ሣር ይታያል። ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያስቸግር የኖረው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት መልስ አገኘ፤ ወሰኑን የሚያበጀው የአየሩ ሙቀት ነው። ወፉ ያለበት ምድር ከዙሪያው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ወፉ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ምግብ ፍለጋውን ትቶም ጥላ ሥር ይጠለላል። የአየር ጠባይ ለውጥ ለዚህ ወፍ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ሁለተኛዋ በእንግሊዝኛ ኋይት ቴይልድ ስዋሎው የምትባለው ነጭ ጅራት ወፍ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ሂሩንዶ ሜጋኤንሲስ የሜጋን ከተማ ስም ይዟል፤ ዝርያዋን እ.ኤ.አ. በ1942 የገለጸው እንግሊዛዊው ቤንሰን በጦርነቱ ዘመን በወታደርነት ወደ አካባቢው የመጣ ሰው ነበር። ጀርባዋ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ ሆዷ ነጭ ነው። በሜዳው ላይ ዝቅ ብላ እየበረረች ነፍሳት ስትቀልብ፣ በምትታጠፍበት ቅጽበት ጅራቷ ተዘርግቶ ነጩ ብልጭ ይላል። እርሷን ከሌሎች መሰሎቿ ለመለየት ዓይንዎን በዚያ ጅራት ላይ ይትከሉ።

ሌላ ቦታም ቢገኙ እንኳ እዚህ በቅርብ የሚታዩ ብዙዎች አሉ። ራሱ መላጣ፣ ደረቱ ሰማያዊ የሆነ ጅግራ፣ ደረቱ ወርቅማ የሆነ ስታርሊንግ፣ አንገቱና እግሩ ሰማያዊ ግራጫ የሆነው የሶማሌ ሰጎን፣ እንዲሁም ከሚበሩ ወፎች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ የሆነው ኮሪ ባስታርድ ይጠቀሳሉ። ጊዜ ካለዎት ወደ አሬሮ ደን ይዝለቁ፤ የሩስፖሊ ቱራኮ የተባለው አረንጓዴ ወፍ እዚያ ይኖራል። የመጀመሪያውን ናሙና የሰበሰበው ጣሊያናዊው ልዑል ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገድሎት ስለ ሞተና ወፉን ያገኘበትን ስፍራ መዝግቦ ስላልተወ፣ ዝርያው ዳግመኛ እስኪገኝ ድረስ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አልፏል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ቦረና ሁለት ዝናብ አለው፤ ገና የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሃጋያ የሚባለው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። የቁጥቋጦ ቁራውን ጎጆ ሲሠራና ጫጩት ሲያሳድግ ማየት ከፈለጉ ከመጋቢት የሚጀምረውን የገናን ዝናብ ይጠብቁ። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡትን ስደተኛ ወፎች ጨምረው ማየት ከፈለጉ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል፤ መንገዱም ያኔ አያስቸግርም።

ጥያቄ፦ ያደግሁት ያቤሎ አቅራቢያ ነው፤ አባቴ ዛሬም ከብት ያረባሉ። ከሌላ ቦታ የሚመጡ ሰዎች «ከብት ሲበዛ ወፍ ይጠፋል» ይሉናል። እኛ ግን የቁጥቋጦ ቁራውን ሁልጊዜ የምናየው ከብት ባለበት ነው። ትክክለኛው የማን ነው? (ከያቤሎ)

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ክብደት የምንሰጠው ለዚህኛው ነው። ስለ ቁጥቋጦ ቁራው ከሆነ፣ እርስዎ ያዩት ትክክል ነው።

ወፉ ሲመገብ ልብ ብለው ይመልከቱት። ሦስት ወይም አራት ሆነው መሬት ላይ ይወርዳሉ፤ ፈጠን ፈጠን እያሉ ይራመዳሉ፣ ድንገት ይቆማሉ፣ ምንቃራቸውን አፈር ውስጥ ሰክተው ደጋግመው ይቆፍራሉ፤ ዐቧራው ብን ሲል እጭ ወይም ጥንዚዛ ይዘው ቀና ይላሉ። ይህን ለማድረግ ሣሩ ከወፉ እግር በላይ ከፍ ማለት የለበትም፤ መሬቱም እዚህም እዚያም ገላጣ መሆን አለበት። ረጅም ሣር ያለበት ሜዳ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ለዚህ ወፍ ምንም አይጠቅመውም። ሣሩን የሚያሳጥርለት ከብቱ ነው። ጎጆውንም የሚሠራው ከመንደርና ከበረት ብዙም ሳይርቅ፣ በግራር አናት ላይ ነው፤ እሾሃማ ጭራሮ ክብ አድርጎ ይከምርና መግቢያውን ከላይ ያደርገዋል። ጥንዶቹን በጫጩት ማሳደጉ የሚያግዟቸው ሌሎች ወፎችም ስላሉ አንድ ጎጆ ዙሪያ ከሁለት በላይ ወፎች ሲመላለሱ ቢያዩ አይደነቁ።

ከብቱ ብቻውንም አልነበረም። የቦረና እረኞች ያረጀውን ሣር ለማደስና ቁጥቋጦውን ለመግታት ከጥንት ጀምሮ ሜዳውን በየጊዜው በእሳት ያጸዱት ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማቃጠል በመንግሥት ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው እየበዛ የግጦሹን መሬት ወረረ። የቦረና ሽማግሌዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲናገሩ የኖሩትን የግጦሽ ተመራማሪዎችም በኋላ አረጋግጠውታል። ቁጥቋጦው ሲዘጋ የተጎዱት ከብት አርቢውና ወፉ በአንድነት ናቸው፤ ስለዚህ በዚህ አካባቢ ወፍን ከእረኛ ለይቶ ለመጠበቅ የሚደረግ ሙከራ መሠረቱን የሳተ ነው ብለን እናምናለን።

ይሁን እንጂ እንግዶቹም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ወደ ነገሌ ይሻገሩና የሊበንን ሜዳ ይመልከቱ። የሊበን ላርክ የተባለችው ትንሽ ቡናማ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ተገኝታ በ1975 በሳይንስ የተመዘገበች ስትሆን፣ ዛሬ እጅግ አስጊ በሚባለው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ትገኛለች። ጎጆዋን መሬት ላይ የምትሠራው ሣር ተከልላ ስለሆነ ከፍ ያለ ሣር ትፈልጋለች። ሊበን ላይ ደግሞ ሜዳው ከፊሉ ታርሷል፣ ከፊሉን ቁጥቋጦ ወርሶታል፤ በቀረው ላይ ዓመቱን ሙሉ ከብት ተጨናንቆ ሲግጥ ሣሩ እስከ ሥሩ ያልቃል። ለቁጥቋጦ ቁራ የተስማማው አጭር ሣር ለእርሷ ሞት ነው።

መፍትሔውም ከቦረና ሥርዓት ውስጥ የተገኘ ነው። ካሎ የሚባለውን ያውቁታል፤ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ሲባል ለበጋ የሚከለል የጋራ ሣር ነው። በሊበን ሜዳ ማኅበረሰቡ ካሎዎችን ሲከልል ሣሩ በአጭር ጊዜ አገገመ፣ ላርኮቹም ወደተከለለው ሣር ተሰበሰቡ። እንግዲህ የእርስዎና የእንግዶቹ አባባል የሚታረቀው እዚህ ላይ ነው፤ ወፉን የሚያጠፋው ከብት መኖሩ ሳይሆን፣ መሬቱ የሚያርፍበት ጊዜ ማጣቱ ነው። ፎራ የሚባለው ርቆ የሚሰማራ ከብት በወቅቱ ሲሄድ፣ ዋራ የሚባለው የቤት ከብት ከመንደር ሲቀር፣ ካሎው ሲከበር ለሁለቱም ዓይነት ወፍ የሚሆን መሬት ይኖራል። አባትዎ ይህን ከማንኛችንም በላይ ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በከሸፉበት ድርቅ ቦረና ስንት ከብት እንዳጣ ስንመለከት፣ ይህን ሥርዓት ጠብቆ መቆየት ምን ያህል እንደከበደም እንረዳለን።

አንድ ነገር ብቻ አደራ እንላለን። ከብት የበላ ጅብ ለመግደል ሲባል ጥንብ የሚመርዝ ሰው ካለ እባክዎ ያስተዉ። አንድ የተመረዘ ሬሳ ላይ በአንድ ቀን ብዙ ጥንብ አንሳ ሊረግፍ ይችላል፤ በአፍሪካ ጥንብ አንሳዎችን እያመናመኑ ካሉት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ይኸው መርዝ ነው። ጥንብ አንሳ ከጠፋ ደግሞ የሞተውን ከብት ቶሎ የሚያነሳ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ከብቶች ጀርባ ላይ ተቀምጣ መዥገር የምትለቅም ወፍ አለች። አንዳንድ እረኞች ግን ቁስል ታሰፋለች ብለው ያባርሯታል። ጠቃሚ ናት ወይስ ጎጂ? (ከዲላ)

መልስ፦ ሁለቱም አባባል እውነት አለው። በእንግሊዝኛ ኦክስፔከር የምትባለው ይህች ወፍ ዋና ምግቧ መዥገር ነው፤ ነገር ግን ደምም ስለምትወድ የተከፈተ ቁስል ካገኘች ትቆሰቁሰዋለች። ጤነኛ ከብት ላይ ስታርፍ ይተዋት፤ ቁስል ያለበትን ከብት ግን ቁስሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ተገቢ ነው። ከከብቱ እግር ሥር የማትጠፋው ነጭ ወፍ ከዚህች የተለየች ናት፤ እርሷ ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሱትን አንበጣዎች ነው የምትለቅመው፣ ቁስልም አትነካም።

ጥያቄ፦ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዝቼ ባለፈው ዓመት ያቤሎ ሄጄ ነበር። የቁጥቋጦ ቁራው ፎቶ ግራጫው ነጭ ሆኖ፣ ጥቁሩ ክንፍ ደግሞ ዝርዝሩ ጠፍቶ ወጣ። ብዙዎቹም የደበዘዙ ናቸው። ሌንሱ ነው ችግሩ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በሌንሱ ላይ አይፍረዱ፤ የላኩልን ፎቶዎች የተነሱት ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ነው። ያቤሎ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይዋ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ የወፉ ጀርባ ይነጣል፣ ሆዱና ክንፉ በራሱ ጥላ ይጨልማል፣ ከሞቀው መሬት የሚነሳው አየርም በሌንሱና በወፉ መካከል ይርገበገባል። ያ የአየር መርገብገብ ያመጣውን ድብዝዝታ የትኛውም ውድ ሌንስ አያጠራውም፤ መድኃኒቱ መቅረብና ማለዳ መነሳት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ድረስ ይሥሩ። በዚህ ሰዓት ቀዩ አፈር ብርሃኑን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልሰው የወፉ ሆድ በለስላሳ ብርሃን ይሞላል፤ ግራጫውም ሙቀት ያለው መልክ ይይዛል።

የብርሃን ልኬቱን በተመለከተ፣ ፈዛዛው ግራጫ እንዳይቃጠል ካሜራው ከሚነግርዎ ላይ አንድ ሦስተኛ ወይም ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይቀንሱ፤ ከዚያም ሂስቶግራሙ፣ ማለትም ካሜራው የሚያሳየው የብርሃን ስርጭት ግራፍ፣ በቀኝ ጠርዝ ተደፍቶ እንደሆነ ይመልከቱ። የጨለመ ጥቁር ክንፍ በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል) በኋላ ሊነሳ ይችላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። ለቆመ ወፍ የሰከንድ 1/500ኛ የሹተር ፍጥነት ይበቃል፤ የቁጥቋጦ ቁራ ግን ቆሞ ስለማይቆይ 1/1000ኛ ይሻላል። ለነጭ ጅራቷ በራሪ ደግሞ ከ1/2500ኛ አይውረዱ፤ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) ከፍ ቢል አይጨነቁ፣ ትንሽ የሻከረ ጥርት ያለ ፎቶ ከለሰለሰ ድብዝዝ ይበልጣል።

ግራር ውስጥ ያለ ወፍ ሲያነሱ የካሜራው ፎከስ እሾሁን ይዞ ወፉን ይተወዋል። ስለዚህ ሰፊውን የፎከስ ክልል ትተው አንዷን ነጥብ ብቻ ይምረጡና በሰማያዊው የዓይን ዙሪያ ላይ ያሳርፏት። ዓይኑ ጥርት ካለ ቀሪው ቢደበዝዝም ፎቶው ይቆማል።

ከመኪና ውስጥ ማንሳት ከእግር ይሻላል፤ ወፎቹ መኪናን ከሰው ይልቅ ይለምዳሉ። ሞተሩን ያጥፉ፣ አለበለዚያ ንዝረቱ ፎቶውን ያበላሸዋል፤ ሩዝ ወይም ባቄላ የሞላ ከረጢት መስኮቱ ላይ አድርገው ሌንሱን ያስደግፉበት። በእግር ከሆኑ ደግሞ ወደ ወፉ ቀጥ ብለው አይሂዱ። ከብቱ ወዴት እየጋጠ እንደሚሄድ አይተው ቀድመው ይቀመጡ፤ እረኛውን ሰላም ብለው ፈቃዱን ከጠየቁ በኋላ ዝቅ ብለው ይጠብቁ። መንጋው ሲደርስ ወፎቹም ከመንጋው ጋር ይደርሳሉ፣ ከብቱን ስለለመዱም በአጠገብዎ ያልፋሉ። በዚህ አካባቢ ከተነሱ ፎቶዎች እኛን የሚማርኩን የከብቱ እግርና ዐቧራው ከወፉ ጀርባ የሚታይባቸው ናቸው፤ ወፉ በእውነት የሚኖረው እንደዚያ ነውና።

ጥያቄ፦ ነጭ ጅራቷ ወፍ በቦረና ጎጆ ቤቶች ውስጥ ትፈለፍላለች ሲባል ሰማሁ። ገብቼ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ? ለጉድጓድ ውኃ የሚወርዱትን ሰዎችስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዎ፣ ከጣሪያው ሥር በጭቃ ጎጆዋን ትሠራለች፤ ሰዎቹም አያባርሯትም፣ በሩም ቀን ቀን ክፍት ስለሆነ እንደልቧ ትመላለሳለች። ነገር ግን የሰው ቤት ነው። መንደሩ ሲደርሱ በመጀመሪያ የመንደሩን ኃላፊ አባ ኦላውን ያነጋግሩ፤ ቀጥሎ የቤቱን እመቤት ይጠይቁ፤ በቦረና ቤቱን የምትሠራው ሴቷ ናትና የእርሷ እሺታ ካልተገኘ ሌላ ፈቃድ አይበቃም። ከገቡም ፍላሽ ፈጽሞ አይጠቀሙ፣ በሩን ዘግተው አይቁሙ፣ ሁለትና ሦስት ፎቶ አንስተው ይውጡ። ወፏ ምግብ ይዛ በሩ ላይ እየተመላለሰች የማትገባ ከሆነ የከለከሏት እርስዎ ስለሆኑ ወዲያውኑ ይውጡ። ከዚህ የተሻለው ዘዴ ከቤቱ ውጭ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ወደ በሩ ስትገባ ማንሳት ነው።

ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ የከብት ማጠጫው ተራ በአባ ሄሬጋው ይመራል፤ ሰዎቹ ተቀባብለው እየዘመሩ ውኃውን ሲያወጡ ከባድ ሥራ ላይ ናቸው፣ ብዙዎቹም ልብሳቸውን አውልቀዋል። ካልተፈቀደልዎ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ያኑሩት። በውኃው ዳር የሚሰበሰቡትን ወፎች ከብቱ ጠጥቶ ከተነሳ በኋላ ቢጠብቋቸው ሰውንም ወፉንም አያውኩም። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማብረር የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ከብት ያስበረግጋል።

ጥያቄ፦ የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍቶ ወፉን መጥራት ይፈቀዳል? (ከጅማ)

መልስ፦ ለእነዚህ ዝርያዎች አያድርጉት። ወፉ ባላንጣ የመጣበት መስሎት ምግቡንና ጫጩቱን ትቶ ይመጣል። በሊበን ሜዳ ደግሞ የቀሩት ላርኮች ጥቂት ስለሆኑ እያንዳንዱ እንግዳ ድምፅ ቢከፍት ጉዳቱ በእነዚያው ጥቂቶች ላይ ይደራረባል። እዚያ ሲሄዱ በእግር ሣሩን እያሰሱ መሄድም አደገኛ ነው፤ ጎጆው መሬት ላይ ነውና ሳያዩት ይረግጡታል። ከመንገዱ ዳር ቆመው ወንዱ እየዘመረ ወደ ሰማይ እስኪነሳ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። ካሜራ የለኝም፣ የርቀት መነጽር ብቻ ልገዛ አስቤአለሁ። የትኛው ይሻለኛል? ያየሁትንስ እንዴት ልመዝግብ? (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ 8 በ42 የሚለውን ይግዙ። 8 እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በማለዳ ብርሃንም ጥሩ ያሳያል፤ 12 እጥፍ የሚያቀርቡት እጅ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ለመዝገቡ ተራ ደብተር ይበቃል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የወፎቹን ቁጥር፣ ምን ሲያደርጉ እንደነበር፣ ከብት በአካባቢው መኖር አለመኖሩን፣ ሣሩም አጭር ወይም ረጅም መሆኑን ይጻፉ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብዙ ሰው ይዘላቸዋል፤ በቦረና ግን ለአጥኚ ከሁሉ በላይ የሚጠቅሙት እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ ስለሆነ መዝገብዎን ሊያካፍሉት ይችላሉ። የጎጆን ትክክለኛ ስፍራ ግን ለሕዝብ በሚታይ ቦታ አይጻፉ።